የወሊድ መቆጣጠሪያ ሲመረጥ፦ ዘዴው በዓመት ስንት ጊዜ ማስታወስን ይጠይቃል?

የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ በተለምዶ ፒልስ የሚባለው፣ ከ99 በመቶ በላይ አስተማማኝ ነው ይባላል። እውነት ነው። ያንኑ ፒልስ ከሚወስዱ 100 ሴቶች መካከል በመጀመሪያው ዓመት 7 ያህሉ ያረግዛሉ። ይህም እውነት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚናገረው አንድም ቀን ሳታዛንፍ ስለምትውጥ ሴት ነው። ሁለተኛው ግን የምትረሳውን፣ አንዱ ማሸጊያ አልቆ ሌላው እስኪገኝ ሦስት አራት ቀን ያለፋትን፣ ትውከት የያዛትን ሁሉ ይቆጥራል። ብዙ ሰው ምርጫው ላይ የሚስተው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ ስለሚወስን ነው።

በተለመደው አጠቃቀም፣ ማለትም ሰው እንደ ሰው እየረሳና እየዘገየ ሲጠቀምባቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች የሚያረግዙት ቁጥር እንዲህ ነው። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላንት 0.1፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ 0.7፤ የመዳብ ሉፕ 0.8፤ የሴት ቋሚ መከላከያ፣ ማለትም የማህፀን ቱቦን መቋጠር፣ 0.5፤ የወንድ ቋሚ መከላከያ ወይም ቫዜክቶሚ፣ ማለትም የዘር ቱቦን መዝጋት፣ ከዚያም ያነሰ፤ መርፌ 4፤ ፒልስ 7፤ የወንድ ኮንዶም 13፤ ቀን ቆጠራና መሰል ዘዴዎች በጥቅሉ 15፤ ከውጭ ማፍሰስ 20። ምንም ካልተደረገ 85 ያህሉ ያረግዛሉ።

ፒልስም ኢምፕላንትም የሚሠሩት በተቀራራቢ ሆርሞን ሆኖ ሳለ ውጤታቸው ይህን ያህል መራራቁ ምክንያት አለው። ኢምፕላንት አንዴ ከገባ ለዓመታት ከተጠቃሚዋ ምንም አይጠብቅም። መርፌ በዓመት አራት ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ፒልስ 365 ጊዜ ማስታወስን፤ ኮንዶም ደግሞ በእያንዳንዱ ግንኙነት፣ ያውም ስሜት ከማሰብ በሚቀድምበት ሰዓት፣ ቆም ማለትን። ዘዴው ከተጠቃሚዋ የሚጠብቀው በበዛ ቁጥር የሚሾልክበት ቀዳዳም ይበዛል። በፈረቃ የምትሠራ፣ ብዙ የምትጓዝ ወይም መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ሁሌም የሚቸግራት ሴት ፒልስን የምትመርጥ ከሆነ የምትመርጠው 99ኙን ሳይሆን 93ቱን መሆኑን አውቃ ይሁን።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው ኢምፕላንት ያስቀብር ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ የምታስብ፣ ብታረግዝም ደስ የሚላት ሴት 13 ከ100 የሚለው ቁጥር ላያስጨንቃት ይችላል። በልብ ሕመም ወይም ከባድ መድኃኒት በመውሰድ ምክንያት እርግዝና ለሕይወቷ የሚያሰጋት ሴት ግን ከዝርዝሩ አናት መውረድ የለባትም። እናም የመጀመሪያው ጥያቄ ዘዴው ቢከሽፍ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ልጅ የሚፈለገው መቼ ነው የሚለው፤ ሦስተኛው ደግሞ በምክር ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ በችኮላ የሚታለፈው የወር አበባ ጉዳይ ነው።

ደሙ ምን ይሆናል?

ሴቶች ሆርሞናዊ ዘዴን ወይም ሉፕን ከሚያቋርጡባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የደም መዛባት ነው። አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት በሁለተኛው ወር ነጠብጣብ ሲያስቸግራት "ሰውነቴ አልተቀበለውም" ብላ ታስወጣዋለች፤ ሌላ ዘዴ ሳትጀምርም ወራት ያልፋሉ። የሚያስረግዘው ያ ክፍተት ነው።

የመዳብ ሉፕ ደሙን ያበዛል፣ ቁርጠቱንም ያከብዳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት። ከድሮም ደሟ የሚበዛና የደም ማነስ ያለባት ሴት ይህን ብትመርጥ ችግሯን ታባብሳለች። ሆርሞን ያለው ሉፕ ተቃራኒው ነው፤ ለጥቂት ወራት ነጠብጣብ ያስቸግርና ከዚያ ደሙ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንዳንዶች ላይም ጭራሽ ይጠፋል። ለዚህም ነው ከመጠን በላይ ለሚፈስ የወር አበባ ሕክምናነት የሚታዘዘው። ኢምፕላንት ከሁሉም ለመተንበይ የሚያስቸግረው ነው፤ አንዷ ላይ ደሙ ይጠፋል፣ ሌላዋ ላይ ለሳምንት የሚዘልቅ ነጠብጣብ ይመላለሳል። የማያቋርጥ ነጠብጣብ ሲሆን ለጥቂት ቀናት አይቡፕሮፌን፣ ወይም ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለሚፈቀድላት ሴት የአንድ ዙር ፒልስ ሐኪም ሊያዝላት ይችላል፤ ስለዚህ ከማስወጣት በፊት የሚሞከር ነገር አለ።

መርፌ የሚወስዱ ብዙ ሴቶች ከዓመት በኋላ የወር አበባቸው ይቆማል። "ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ጉዳት ያመጣል" የሚለው ስጋት የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። የወር አበባ የሚመጣው የማህፀን ግድግዳ በየወሩ ወፍሮ ሲረግፍ ነው። መርፌው ግድግዳው እንዳይወፍር ያደርጋል። ያልወፈረ ነገር አይረግፍም፤ የሚጠራቀም ደምም የለም። የወር አበባ መምጣት ግን ለአንዲት ሴት "ደህና ነኝ፣ አላረገዝኩም" ለማለት የምትመካበት ምልክት ከሆነና በጠፋ ቁጥር የምትጨነቅ ከሆነ ሌላ ዘዴ መምረጧ ተገቢ ነው። ይህን እንደ አላዋቂነት የሚያይ ባለሙያ ሥራውን አልተረዳም።

ፒልስ፦ አደገኛዎቹ ቀናት የት አሉ?

በተለመደው የ28 ፍሬ ማሸጊያ ውስጥ 21ዱ ሆርሞን ያላቸው ሲሆኑ ቀሪዎቹ 7 ሆርሞን የሌላቸው ናቸው፤ ቀለማቸውም ይለያል። በእነዚያ 7 ቀናት ውስጥ በሆርሞኑ ተኝቶ የነበረው የእንቁላል ማምረቻ ቀስ እያለ መንቃት ይጀምራል። ሰባት ቀን ለመንቃት አይበቃውም፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ቀን ግን ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ከሁሉም የከፋው መርሳት የማሸጊያው መሃል ላይ ያለው አይደለም። የከፋው አዲሱን ማሸጊያ አዘግይቶ መጀመር ወይም የሦስተኛውን ሳምንት የመጨረሻ ፍሬዎች መዝለል ነው፤ ሁለቱም ሆርሞን የሌለበትን ጊዜ ይለጥጡታልና። "ማሸጊያው ሊያልቅ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ምን አላት" የሚለው አስተሳሰብ እርግዝና የሚመጣበት በር ነው።

ሲረሳ የሚደረገው እንዲህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ከሆነ እንደታወሰ አንዱን ወዲያው መዋጥ፣ ቀጣዩንም በሰዓቱ፤ በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ምናልባት ትንሽ ማቅለሽለሽ። በተከታታይ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱን ወዲያው ውጦ ማሸጊያውን መቀጠልና ለ7 ቀን ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። ይህ የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ሆርሞን የሌላቸው 7 ፍሬዎች ተጥለው በቀጥታ አዲስ ማሸጊያ ይጀመራል። ባለፉት 5 ቀናት ውስጥ ግንኙነት ከነበረ ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን ድንገተኛ መከላከያ ማሰብ ይገባል። የተረሱት ሆርሞን የሌላቸው ፍሬዎች ከሆኑ ግን ጥሎ መቀጠል ነው፤ የሚቀየር ነገር የለም። ፍሬው ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ትውከት ከመጣ እንዳልተዋጠ ይቆጠርና ሌላ ይወሰዳል።

ያለ ኢስትሮጅን ፕሮጀስቲን የሚባለው ሆርሞን ብቻ ያለው ፒልስ፣ ብዙ ጊዜ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው፣ በሰዓት ጉዳይ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሊቮኖርጀስትሬል ወይም ኖሬቲስቴሮን የያዘው ከተለመደው ሰዓት ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ እንደተረሳ ይቆጠራል፤ ዴሶጀስትሬል የያዘው እስከ 12 ሰዓት ይታገሳል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመድኃኒት ስም ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መርፌ

በሰፊው የሚታወቀው ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን በጡንቻ 150 ሚሊግራም፣ በየ13 ሳምንቱ ይሰጣል። ከቆዳ ሥር የሚሰጥ የ104 ሚሊግራም ዓይነትም አለ፤ ይህኛው ተጠቃሚዋ ራሷ ተምራ ልትወጋው የምትችለው ስለሆነ የቀጠሮ ምልልስን ያስቀራል። የተወጋውን ቦታ ማሸት አይገባም፤ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሰራጭና ቶሎ እንዲያልቅ ያደርጋል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ቀጠሮው እስከ 4 ሳምንት ቢያልፍ እንኳ ያለተጨማሪ ጥንቃቄ መውሰድ ይቻላል፤ በየ2 ወሩ የሚሰጠው ኖሬቲስቴሮን ግን የሚታገሰው 2 ሳምንት ብቻ ነው። ቀኑ አለፈ ብሎ ተስፋ ቆርጦ መቅረት ከመዘግየቱ የባሰ ስህተት ነው።

የመርፌው ዋጋ የሚታየው ሲቆም ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። ይህ መሃንነት አይደለም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ተጠርጎ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ፒልስ፣ ኢምፕላንትና ሉፕ ግን እንደቆሙ ወይም እንደወጡ ማርገዝ ይቻላል። በዓመት ውስጥ ልጅ የምታስብ ሴት መርፌን ብትተወው ይሻላታል። ክብደት በዓመት በአማካይ 1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። የአጥንት ጥግግት በአጠቃቀም ወቅት ጥቂት ይቀንሳል፣ ሲቆም ግን ያገግማል።

ሁለት ወሬዎች በየጊዜው ስለሚነሱ እዚህ ማጥራት ይገባል። መርፌው ለኤችአይቪ ያጋልጣል የሚለውን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታወቀ ትልቅ ጥናት መርምሮት፣ በመርፌው፣ በኢምፕላንትና በመዳብ ሉፕ ተጠቃሚዎች መካከል ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ይህንኑ መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ሜኒንጂዮማ ከሚባል፣ ብዙ ጊዜ ካንሰር ካልሆነ የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር ተያይዞ አገኘው። ዕጢው በራሱ ብርቅ ስለሆነ የእያንዳንዷ ሴት ስጋት አሁንም ትንሽ ነው። ከዚህ በፊት ሜኒንጂዮማ የነበረባት ግን ይህን መርፌ መውሰድ የለባትም፤ ለረጅም ዓመታት የምትወስድ ሴትም ጉዳዩን አንስታ ብትነጋገርበት ተገቢ ነው።

ክንድ ላይና ማህፀን ውስጥ

ኢምፕላንት የክብሪት እንጨት የሚያህል ተጣጣፊ ዘንግ ነው፤ እንደ ዓይነቱ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። ባለሁለቱ እንደ ስሪቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ባለአንዱ ቢያንስ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ቦታው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ከቆዳ ሥር ይገባል። ከገባ በኋላ ተጠቃሚዋ በጣቷ ዳስሳ ማግኘት አለባት፤ ካልተዳሰሰ በጥልቀት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ መናገር ነው፣ ሲወጣ ችግሩ ይብሳልና። ቁስሉ ለ4 ቀን ያህል ውሃ ባይነካው ጥሩ ነው። የወር አበባ ከጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ከገባ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ለ7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል። ብዙ ሴቶች ሊጠይቁት የሚገባና የማይጠይቁት ነገር ደግሞ "ባልፈልገው የሚያወጣልኝ ማን ነው?" የሚለው ነው። ለማስገባት የሠለጠነ ሁሉ ለማውጣት አልሠለጠነም። በፈለገች ጊዜ ማስወጣት የማትችል ሴት ዘዴውን መርጣለች ለማለት ያስቸግራል።

የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ መዳቡ የወንዱን ዘር እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ፅንስ እንዳይፈጠር ይከላከላል። ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል፤ የተለመደው ዓይነት ለ10 ዓመት ያህል ያገለግላል። ወልዳ የማታውቅ ሴት አትጠቀም የሚለው ያረጀ አባባል ነው። ሉፕ መሃን አያደርግም፤ ማህፀንን የሚጎዳው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ነው። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ያለባት ሴት መጀመሪያ የምትታከመው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሉፑ በራሱ ሊወጣ ይችላል፤ ከሉፑ ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር ከረዘመ፣ ከጠፋ ወይም ጠንካራ ጫፍ ከተዳሰሰ እስኪታይ ድረስ ኮንዶም መጠቀም ይገባል።

ሰውነት የሚከለክላቸው

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱን ዘዴ ከጤና ሁኔታ ጋር እያያዘ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል፤ 1 ገደብ የለውም፣ 4 ፈጽሞ አይወሰድ ማለት ነው። አብዛኛው 4 የሚወድቀው ኢስትሮጅን ባለበት በተለመደው ፒልስ ላይ ነው፤ ኢስትሮጅን ደምን ለመርጋት ያመቻቻል። ዕድሜዋ 35 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በቀን 15 ሲጋራና ከዚያ በላይ የምታጨስ፣ የደም ግፊቷ 160/100 የደረሰ፣ ከራስ ምታቱ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚታያት የማይግሬን ታማሚ፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት ይህን ፒልስ አትወስድም። ግፊቷ ከ140/90 ጀምሮ ከሆነም ሌላ ዘዴ ይመረጣል። ፒልስ ከመጀመሩ በፊት ግፊት መለካት ዋናው ምርመራ ነው፤ የማህፀን ምርመራ ግን ግዴታ አይደለም።

ስጋቱ በልኩ ይታይ። ፒልስ ከማይወስዱ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5 ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል፤ ከሚወስዱት 3 እስከ 9፤ ከነፍሰ ጡሮች 5 እስከ 20፤ አዲስ ከወለዱት ደግሞ 40 እስከ 65።

መድኃኒቶችም ይጋጫሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የፒልስንና የኢምፕላንትን ጉልበት ያዳክማሉ፤ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ ኢምፕላንትን። በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌና ሁለቱ ሉፖች በእነዚህ አይነኩም። የጡት ካንሰር ላለባት ሴት ሆርሞን ያለው ሁሉ ተከልክሎ የመዳብ ሉፕ ይመረጥላታል።

ከወሊድ በኋላ

"እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም" የሚለው ሦስት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ብቻ ይሠራል፦ ሕፃኑ 6 ወር አልሞላውም፣ የወር አበባ አልተመለሰም፣ ሕፃኑ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ወይም ከሞላ ጎደል ጡት ብቻ ይጠባል። ሦስቱ ሲሟሉ ከ100 እናቶች 2 ያህሉ ብቻ ያረግዛሉ። አንዱ ከጎደለ ሌላ ዘዴ በዚያው ቀን መጀመር አለበት፤ እንቁላል ከመጀመሪያው ደም በፊት ሊወጣ ስለሚችል "ደሜን ልይና" ማለት አያዋጣም። የማታጠባ እናት ከወለደች በ4 ሳምንት ገደማ፣ ፅንስ የተቋረጠባት ደግሞ በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ሉፕ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነም ከ4 ሳምንት በኋላ ይገባል። ለምታጠባ እናት ኢምፕላንትና ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ፒልስ ወዲያው ይጀመራሉ፤ መርፌው ከ6 ሳምንት በኋላ፤ የተለመደው ፒልስ ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው።

ስልኩ ላይ ያለው ቀን ቆጣሪ

የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ይኖራል፤ እንቁላል ከወጣች በኋላ ግን ከ24 ሰዓት አታልፍም። ብዙዎቹ የስልክ አፕሊኬሽኖች "ለም ቀን" ብለው የሚያሳዩት ካለፉት ወራት አማካይ ወስደው የሚገምቱትን ነው፤ በዚህ ወር ሕመም ወይም ጭንቀት እንቁላሏን አንድ ሳምንት እንዳዘገያት አያውቁም። ዑደቷ ዘወትር በ26 እና በ32 ቀን መካከል ለሆነ ሴት ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን ድረስ መታቀብ ወይም ኮንዶም መጠቀም ይሠራል። ዑደቷ ለሚዘበራረቅ፣ ገና ለወለደች ወይም መርፌ ላቆመች ሴት ግን አይሆንም። ወንዱ ካልተባበረ ደግሞ ዘዴው ገና ከመነሻው የለም።

ወንዱ ራሱ ያለው ድርሻ ኮንዶምና ቫዜክቶሚ ነው። ከአባላዘር በሽታ የሚከላከለው ኮንዶም ብቻ ስለሆነ ኢምፕላንት ያላትም ሴት ሊያስፈልጋት ይችላል። የላቴክስ ኮንዶም በቫዝሊን ወይም በዘይት ይበጣጠሳል፣ ሁለት መደራረብም አይጠቅምም። ቫዜክቶሚ ስሜትንም ብልት መቆምንም አይነካም፤ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለ3 ወር ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል፣ በቱቦው የቀረ ዘር አለና።

ሁሉም ሲከሽፍ ድንገተኛ መከላከያ አለ። 1.5 ሚሊግራም ሊቮኖርጀስትሬል በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። 30 ሚሊግራም ዩሊፕሪስታል እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ ከእርሱ በኋላ ግን ሆርሞናዊ ዘዴ ለመጀመር 5 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም እንቁላል እንዳይወጣ ያዘገያሉ እንጂ የተፈጠረ እርግዝናን አያቋርጡም፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላም ብዙ አይረዱም። ከሁሉም የሚበልጠው በ5 ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ነው፤ በዚያው ለዓመታት መከላከያ ሆኖ ይቀጥላል።

ዘዴ ሲቀየር አዲሱ መሥራት እስኪጀምር አሮጌው አይቆምም፤ ለምሳሌ ከፒልስ ወደ ኢምፕላንት የምትሄድ ሴት ዘንጉ ከገባ በኋላ ፒልሷን ለ7 ቀን ትቀጥላለች። ወዲያው ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ኢስትሮጅን ያለው ፒልስ ለምትወስድ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ ድንገተኛ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መጋረድ፤ ሉፕ ላላት ደግሞ የወር አበባ ቀርቶ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሉፕ እያለ የሚመጣ እርግዝና ብርቅ ቢሆንም ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና።